ስግደት የሌለበት ሃምሳ ቀን

ልጄ ከአረብ አገር የተመለሰችው በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። በሌላ ሳምንት መጥታ ቢሆን ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ፤ ጥፋቴን በቀኑ ላይ ማላከኬ ነዋ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ፣ ጉልበቴ በስግደት ዝሎ፣ ከመካነ ሰላም ገበያ ጀርባ ባለችው ቁልቁለት ወደ ቤቴ ስወርድ በሬ ላይ ሰው ቆሞ አየሁ። ቀጭን ሴት ናት። ጥቁር ሻሽ እስከ ግንባሯ አስራለች፣ እግሯ ስር ትልቅ ሻንጣ ተቀምጧል። የመንግሥት ሰው መስላኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሷ ግን ስታየኝ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ «እማዬ!» ብላ ሮጠች። ስድስት ዓመት ያላየኋት ልጄ ናት። እጆቿን ዘርግታ ልታቅፈኝ ስትደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ሕማማት ነው ልጄ» አልኳት። «አልስምሽም።»

እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

በዚያ ሳምንት ሰው ከሰው አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም። የካህኑን መስቀል እንኳ አንሳለምም። ጌታ በመሳም ተላልፎ የተሰጠበት ሳምንት ስለሆነ ነው። ልጄም ታውቀዋለች፤ ሕፃን ሳለች ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ግን አንዲት እናት አውቃለሁ፣ ልጇ ከጦር ሜዳ በሕማማት ሲመጣባት ሕጉም ቀኑም ጠፍቶባት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ የዋለች። ማንም አልፈረደባትም። ቄሱ ራሳቸው ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኔ ግን ሕጉ ወዲያው ትዝ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትዝ ያለኝ ለጌታ ሕማም አዝኜ አልነበረም። ቂም ነበረኝ፤ ሕጉ ለቂሜ መጠለያ ሆነልኝ።

ቂሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እዚህ ውስጥ የማንንም ስም አልጽፍም፤ ነገሩ ግን ያለ ስም የሚነገር አይደለም፤ ጠቡ ራሱ በስም የመጣ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ የጸሎት መጽሐፌን አንድ አንድ እየቆጠርኩ አነባለሁ፤ ይህንንም እንደዚያው እየቆጠርኩ ነው የምጽፈው። ባሌ ልጃችን ጡት ሳትጥል ሞተብኝ። ከእሱ ሞት በኋላ እግሬ ቤት አላርፍ አለ። ንግሥ አለ ከተባለ ስንቄን ቋጥሬ እነሳለሁ። ሳይንት ሄጃለሁ፣ ወግዲ ሄጃለሁ፣ በለጋምቦ ብርድ ሜዳ ላይ አድሬያለሁ፤ በመቅደላ አምባ ስር አልፌ ጸበል የወረድኩበትም ጊዜ አለ። ልጄን የማስቀምጠው ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ጎረቤቴ እስላም ናት፣ የልብ ሰው። «ሂጂ፣ አብሽሪ፣ ልጅቱ ከኔ ልጅ ጋር ታድራለች» ትለኛለች። ቤቷ ውስጥ አሮጊት እናቷ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጸጉሯን ይሠሯት ነበር። እኔ ስመለስ ጸበል በጠርሙስ፣ እምነት የምንለውን አመድ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣላታለሁ። ሌላ ነገር ማምጣት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ጾሙን ሁሉ እጾማለሁ፤ የፈቃዱም አይቀረኝም። ሰው «ጻድቋ» ይለኛል፣ እኔም አይደለሁም እያልኩ ደስ ይለኛል። አንድ ሰባኪ፣ ደቀ መዝሙር ማለት ቤቱን ጥሎ ጌታውን የሚከተል ነው ብሎ ሲያስተምር፣ ከሕዝቡ መሐል እኔን ለይቶ ያየኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርኩ።

ኢህአዴግ ከገባ አሥር ዓመት አልፎት ነበር ልጄ ስትሄድ። ያኔ የአረብ አገር ወሬ ከተማውን ሞልቶታል፤ ከየቤቱ ሴት ልጅ ትወጣለች። እሄዳለሁ ስትለኝ «እስቲ ከበዓሉ ስመለስ እንነጋገራለን» አልኳትና ወጣሁ። በአምስተኛው ቀን ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ጎረቤቴ እጅ ነው።

«እስከ ትናንት ጠበቀችሽ» አለችኝ። «መኪናው አልጠብቅ አላት።»

ዓመት ሊሞላ ሲል የስልክ ቤቱ ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ የጥሪ ወረቀት ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ያኔ ሞባይል እኛ ዘንድ አልደረሰም። ከሩቅ የሚደወልለት ሰው በወረቀት ይጠራና በቀጠሮው ሰዓት ሄዶ ይጠብቃል። ሽማግሌው አንድ የእስላም ሴት ስም ጠርተው «እናቷ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም አባቴ» አልኩ።

«ከአረብ አገር ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች።»

«አላውቃትም። ታች ሰፈር ይጠይቁ፣ እዚያ የሄደች የእስላም ልጅ አለች።»

ይህን ያልኩት ባለማወቅ ነው። ማታውን ለጎረቤቴ እንደ ቀልድ ባወራላት ጭንቅላቷን ይዛ ቀረች። «አይ አንቺ! ያቺማ ልጅሽ ናት። አረቦቹ እስላም ሠራተኛ ነው የሚፈልጉ፤ ደላላው ክርስቲያኖቹን ሁሉ ስማቸውን ቀይሮ ነው ፓስፖርት የሚያወጣላቸው። ሻሽ አጠማጠሙን ያሳየቻት የኔ ልጅ አይደለች? አብረው አይደለ የሄዱ?»

«ማተቧስ?» አልኩ።

ጎረቤቴ መሬት መሬት አየች። «አንገቷ ላይ አስራ እንዴት ትሄዳለች?»

የሞት መርዶ የሰማሁ ያህል ነው የሆንኩት። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ጾም ነው አልኩት እንጂ ጾም አልነበረም። በሳምንቱ ሽማግሌው ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ፣ ያንኑ ስም ጠሩ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ትሰማለች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ነገርኩዎት እኮ፣ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ጎረቤቴ «ያ አላህ» አለችና ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«ስሙ የማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«የማንስ ቢሆን?»

«የእናቴ ነው። ደላላው ስም ምረጪ ሲላት ልጅሽ የመረጠችው የእናቴን ስም ነው። ያን ያህል ያስጠላል?»

ገብታ በሯን ዘጋች። በኋላ ታረቅን፤ እሷ ቂም አይበረክትላትም። ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ አልደወለችም። ሞባይል ሲመጣ ለጎረቤቴ ነበር የምትደውለው። አንዳንድ ቀን በአጥሩ በኩል የጎረቤቴ ሳቅ ይሰማኛል፣ «እሺ የኔ እናት፣ እሺ» ስትል። ያን ጊዜ ነጠላዬን አነሳና ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ በሬ ላይ የቆመችው ይህችው ልጅ ናት።

ቤት አስገባኋት። እግሯን ልጠብ ብል «አይድከሙ» አለችኝ። ቆሎ ባቀርብ «እርስዎ ይቅመሱ» አለችኝ። ልጅ እናቱን አንቺ ነው የሚላት፤ አንቱታ ለባዳ ነው፣ ለአማት ነው። በሩ ላይ «እማዬ» ብላ የመጣች ልጅ፣ ጓዳ ስትገባ እርስዎ አለችኝ። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ስትቀመጥ ወገቧን ደግፋ ቀስ ብላ ነው የምትቀመጠው። ቀኝ እጇ ላይ ረጅም የካውያ ጠባሳ አለ። ይህንን ሁሉ አይቻለሁ፤ ግን ከዚያ ይበልጥ ያየሁት ባዶ አንገቷን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቷን ሳይ ሰነበትኩ። እሷም ማየቴን ታያለች።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት በእግር ማጠቡ ሥርዓት ተሳትፌ ስመለስ ሻንጣው የለም። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል፣ «ከላላ ሄደች፣ ልጄ ዘንድ» አለችኝ። ልጇ ቀድማ ተመልሳ እዚያ አግብታለች።

«ምን አለች?»

«ተዪው።»

«ንገሪኝ በማርያም።»

«ሕማማቱ ሲያልቅ መስቀሉን ይሳሙ በያቸው፣ አለች።»

በማግሥቱ ስቅለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር እሰግዳለሁ። ያ ጌታውን ሦስቴ የካደው ደቀ መዝሙር እሳት ዳር ቆሞ፣ ያን ሰው አላውቀውም ያለበት ንባብ ተነበበ። በየዓመቱ ነው የምሰማው፤ በየዓመቱም በእሱ አዝንበታለሁ፣ እንዴት ያስቻለዋል እያልኩ። ዘንድሮ ግንባሬ መሬት ነክቶ መነሳት አቃተኝ። አላውቃትም፣ አላውቃትም፤ የገዛ ድምፄ ነው የተሰማኝ። እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የካድኩ ብዬ ራሴን ላጽናና ስል፣ ማክሰኞ በሬ ላይ ወደ ኋላ ያልኳት እርምጃ ትዝ አለችኝ። ከጎኔ ያለችው ሴት በክርኗ ነካ አድርጋ «ተነሺ፣ አለፉሽ እኮ» አለችኝ።

ስግደቱ ሲያልቅ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ሰው በየተራ ቀርቦ ጥፋቱን ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራው መታ መታ አድርጎ ይህን ያህል ስገድ ይለዋል። ሰልፉ ይሄዳል፤ ሐሜት፣ ስድብ፣ ጾም መሻር፤ አርባ፣ ስልሳ። እኔ የንስሐ አባቴ ፊት ደረስኩ።

«ደግሞ አንቺ ምን አጠፋሁ ልትይ ነው?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«ልጄን አላውቃትም አልኩ አባ።»

ወይራው እጃቸው ላይ ቆመ። «ስንቴ?»

«ሦስቴ።»

ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቶ ልስገድ? ሁለት መቶም ቢሆን እችላለሁ አባ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንቺን ስግደት አይከብድሽም፤ ለመድሽው» አሉኝ። «ከነገ ወዲያ ፋሲካ ነው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም፣ ጾም የለም። እነዚያን ሃምሳ ቀኖች ምን ስታደርጊባቸው ትኖሪያለሽ?»

አሰብኩ። ንግሥ እዞራለሁ ልል አፍሬ ተውኩት።

«ዘንድሮ የትም አትዞሪም። ልጅሽ ካለችበት ሄደሽ ትቀመጫለሽ። ቀኖናሽ እሱ ነው።»

«እስላም ቤት ናት እኮ አባ!»

«የቤቱን ባለቤት መች ጠየቅሁሽ?» አሉና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠሩ።

ሳልመታ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ነጠላው ላይ የወይራ ቅጠል ተጣብቆበት ቀለል ብሎት ይሄዳል። የኔ ጀርባ ንጹሕ ነው። እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

የፋሲካ ማግሥት በቅሎ ከሚነዱ ነጋዴዎች ጋር ወደ ከላላ ተነሳሁ። እኔ መንገድ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ታቦት ያለበት አገር ሲሆን እግሬ ከኔ ቀድሞ ይሄዳል። ያን ቀን ግን በየጥላው ስር መቀመጥ አማረኝ። አንዱ ነጋዴ «እማማ፣ የሚሄዱት ለቅሶ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ልጄ ዘንድ ነው» ብለው ሳቀ። «እንግዲያ ፊትዎን ያስተካክሉት፣ ልጅቱ ትደነግጣለች!»

ስንደርስ የገበያ ቀን ሆኖ ቆየን። እህል የምትሸጥ ሴት ጋ ቀርቤ፣ ከአረብ አገር የመጣች ቀጭን ልጅ እፈልጋለሁ አልኩ።

«ከአረብ አገር ያልመጣ ማን አለ እዚህ፣ እማማ? ስሟ ማን ነው?»

የክርስትና ስሟን ነገርኳት። አጠገቧ ካሉት ጋር ተነጋገረች።

«እንዲህ የምትባል የለችም» አለችኝ።

ሌላም ሰው ጠየቅሁ፤ መልሱ ያው ነው። የለችም። አናውቃትም። ፀሐዩ አናቴ ላይ ወጥቷል፣ ነጋዴዎቹ በቅሎዎቻቸውን እያራገፉ ያዩኛል። ተመልሼ እህል ሻጯ ጋ ሄድኩና ያንን ስም፣ የጎረቤቴን እናት ስም፣ ጠራሁት። በአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ እንደ ሌባ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነበርና ሴትዮዋ «ማን አሉኝ?» ብላ ጆሮዋን ሰጠችኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«እሷን ነው እንዴ! እናቷ ነዎት?»

«እናቷ ነኝ።»

«ታዲያ አስቀድመው አይሉም ነበር! ኑ፣ ላሳይዎት።»

የጎረቤቴ ልጅ ቤት ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ነው። ልጄ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ። ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«አንቺን።»

«ምን የምትባለዋን?»

ሁለቱንም ስሟን ጠራሁ፤ የክርስትናውን፣ ቀጥሎም ያንን። አላለቀሰችም። ወደ እኔም አልመጣችም። ወደ ምስሩ ተመለሰች። የጎረቤቴ ልጅ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ባትወጣ ኖሮ እዚያው ቆሜ እውል ነበር።

«ውይ እማማ! አላህ ያምጣዎት! ይግቡ እንጂ፣ በዚህ ፀሐይ! አንቺ ደግሞ፣ እናትሽን አቁመሽ ምስር ትለቅሚያለሽ? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ ወላሂ!»

«አንቺ ምን አገባሽ» አለቻት ልጄ።

የጎረቤቴ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለክርስቲያን እንግዳ የሚያስቀምጡትን ድስት አወጣች። ሥጋ ሲበላ ለኔ ለብቻዬ ሽሮ ወይም እንቁላል ይመጣልኛል። ልጄ ግን ከእነሱ ጋር ሥጋውን ትበላለች። እየበላች ቀጥ ብላ ታየኛለች፤ እስቲ ተናገሪ እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽሮዬን እየጎረስኩ የልጄን አፍ ስቆጣጠር ነው የዋልኩ። በእስላም የታረደ ሥጋ ለኛ ሥርዓት አይደለም፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው፣ እኔም አልበላሁም። ግን አንድ ቀን ድንገት አስተዋልኩ፤ ልጄ ግማሹን ትታ ነው የምትነሳው። እኔ ምን እንደምትበላ ሳይ እንጂ ምን ያህል እንደምትበላ አላየሁም ነበር። ለካ ልጄ አትበላም። ለካ ሌሊቱን ወገቧን እያመማት አትተኛም፣ ቀን ስትቀመጥ እያንቀላፋች ነው። እናት ሆኜ ይህን ለማየት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ጠዋት ጠዋት መጸለዬን አልተውኩም። ግን ስግደት የለም፣ ጾም የለም፤ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ቀኑ ሙሉ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ኖሬ አላውቅም። ጌታን ማገልገል ለኔ ጉልበቴን ማድከም ነበር፤ ጉልበቴ ሳይደክም ሲቀር ማን እንደሆንኩ ግራ ገባኝ። ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፣ ጥጥ ፈተልኩ። ጨው አሙቄ በጨርቅ ቋጥሬ ወገቧ ላይ ላድርግላት ብል «ይተዉት፣ ይለቀኛል» አለችኝ። በማግሥቱም ይዤ ሄድኩ፣ መለሰችኝ። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጨርቁን ቀስ ብዬ ወገቧ ላይ አሳረፍኩት።

እንደዚሁ እያሟሟቅሁላት ሳለ ነው አንድ ቀን የተናገረችው። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው።

«ያንን ስልክ ለማግኘት ሁለት ወር ለምኛለሁ» አለች። «በሁለተኛው ጥሪ ሰውየው በስልክ፣ እናትሽ አላውቃትም ብላለች አለኝ። ያኔ ከመኪና ስወርድ፣ ከአውሮፕላን ስወርድ፣ ሴትዮዋ በካውያ ስታቃጥለኝ አላለቀስኩም። ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ።»

«ልጄ...»

«ይስሙኝ። የአገሩን ታቦት ሁሉ ሸኝተዋል፤ የሳይንቱን፣ የወግዲውን። እኔን ግን አልሸኙኝም።»

ጨርቁ በረደ። ላሙቀው ብዬ እንኳ አልተነሳሁም። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው የምታወራ መሰለች።

«እዚያ ቤት ውስጥ ስጸልይ እንዳይሰማ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እከፍተው ነበር። ውኃው ሲጮህ የማርያምን ምስጋና እላለሁ። በየቀኑ። ከእርስዎ በቃሌ የያዝኩትን። አንዳንዴ መሐሉ ይጠፋብኛል፤ የሚያስታውሰኝ ሰው የለም፤ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።»

እኔ በሺ ሰው መሐል፣ በከበሮና በእልልታ የምጸልይ ሴት፣ ባዶ አንገቷን እያየሁ ስፈርድባት የነበርኩት ይህችን ነው። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ይቅር በይኝ» አልኳት፣ «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።»

ተነስታ ተቀመጠች፣ ወገቧን ይዛ።

«የመጡት ቄሱ አዝዘውዎት ነው አይደል? ጎረቤታችን በስልክ ነግራኛለች። አሁንስ እግሬ ላይ የወደቁት ቀኖና ስለሆነ ነው ወይስ ስለኔ ብለው?»

ልመልስላት ፈለግሁ። ስላንቺ ነው ማለት ቀላል ነበር። ግን ልመናዬ የፈለቀው ከየት እንደሆነ እኔም ለይቼ አላውቀውም ነበርና አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሷም ፈገግ አለች፣ ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ «ቢያንስ አልዋሹም» አለችና ተመልሳ ተኛች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዕርገት አለፈ፣ ጰራቅሊጦስ ደረሰ። ወገቧ ትንሽ ተሻላት፤ የጎረቤቴ ልጅ ባል የልብስ መስፊያ ማሽን ነበረውና ረፈድ ሲል በረንዳው ላይ ወጥታ መስፋት ጀመረች። ከኔ ጋር ስለ ክር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ድስት እናወራለን። ሁሉንም በእርስዎ ነው። ሰው ሲሰማ ጨዋ ልጅ ይመስለዋል፤ እኔን ግን በየቃሉ ይወጋኛል።

ሃምሳው ቀን ባለቀ ማግሥት የሐዋርያት ጾም ገባ። ጠዋት ከማሽኑ ቀና ሳትል፣

«ቀኑ ሞላልዎት» አለችኝ። «መቼ ነው የሚሄዱት?»

«አልሄድም።»

ማሽኑ ቆመ። «ቀኖናዎ አልቋል እኮ።»

«አልቋል። አሁን ያለሁት በራሴ ነው።»

«ሰኔ ነው፣ ሚካኤል ይነግሣል። አይሄዱም?»

እግሬ እንደማሳከክ ሲለው ተሰማኝ፤ አልዋሽም። «አልሄድም» አልኳት። ማሽኑ ተመልሶ መጮህ ጀመረ።

በዚያው ሳምንት፣ በጾም ሆዴ፣ ልብስ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ዳገቱ ላይ ጭቃው አንሸራተተኝ። ቁጭ አልኩ እንጂ አልተጎዳሁም። ልብሱ ግን ተበተነ፣ ነጠላዬም ጭቃ ሆነ። ከላይ የምትመጣ ሴት አይታኝ ኖሮ እየጮኸች ቤት ስትደርስ፣ ልጄ ያንን ወገቧን ይዛ በዝናቡ እየሮጠች ወረደች።

«አንቺ ሴትዮ!» አለችኝ። «ምን ሆነሽ ነው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይገባልሽ ወንዝ ትወርጃለሽ? ማን ላከሽ? ልትገይኝ ነው የመጣሽ? እንዴ! ሰው እኮ እንዲህ አይጾምም፣ ይህ ጾም አይደለም፣ ራስን መግደል ነው! ስንቴ ልንገርሽ? አንድ ነገር ብትሆኚ ምን ልሆን ነው እኔ? እግርሽን ነካሽ? የትኛው ነው? ተናገሪ እንጂ!»

ዝናቡ ፊቴ ላይ ይወርዳል። እግሬ ደህና ነው ብላት ታቆማለች። ስለዚህ ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ ዝም ብዬ ሰማኋት፤ እሷም እየሰደበችኝ እግሬን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

በማግሥቱ ሲበርድላት ወደ እርስዎ ተመለሰች። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነን። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ቀን አለ፣ የማትሄድበትም ቀን አለ። እኔ ከጓዳ ሆኜ የማሽኑን ድምፅ እየሰማሁ እጸልያለሁ። ብቻ ስትናደድ አንቺ ትለኛለች። አንዳንድ ቀን እርስዎው ሲበዛብኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ጫማዬን ሆን ብዬ ትቼ በባዶ እግሬ ዝናብ ውስጥ እወጣለሁ።